መለያቸው ስለጠፋ የሸክላ ስባሪዎች

በቅርስ ጥበቃ የተሰማራን በጎ ፈቃደኞች፣ ከባለይዞታውና ከሚመለከተው አካል ፈቃድ አግኝተን፣ አንድ የታረሰ ማሳ ጎናቸው 10 ሜትር በሆኑ ካሬዎች ከፍለን ከገጹ ላይ የሸክላ ስባሪ ሰበሰብን። የየካሬውን ብዛትና ክብደት ብንመዘግብም፣ ስባሪዎቹን አጥበን በደንብ ሳይደርቁ በላስቲክ ከረጢት ስለከተትናቸው የ6 ከረጢቶች የወረቀት መለያ በእርጥበት ተበላሸ። አራቱን በስባሪ ብዛት ለየናቸው፤ የቀሩት ሁለቱ ግን እኩል 23 ስባሪ የያዙ ሲሆን፣ የተመዘገበው ክብደት ከመታጠባቸው በፊት ከነአፈራቸው የተለካ በመሆኑ ከአሁኑ ጋር አይገጥምም። ስባሪዎቹን ከሌሎች ካሬዎች ስባሪ ጋር ማጋጠምም ሞክረናል፤ ይሁን እንጂ ማረሻ የአንድን ዕቃ ስባሪ ወደተለያዩ ካሬዎች ስለሚበትን ይህ ማስረጃ አይሆንም። የተገኘበት ቦታ የጠፋ ስባሪ አብዛኛውን ታሪኩን ያጣልና በግምት መጻፍን አልመረጥንም። ታዲያ ሁለቱን ከረጢቶች የሁለቱ ካሬዎች የጋራ ግኝት አድርገን እንመዝግባቸው ወይስ በየካሬው የተገኘውን ስባሪ ከሚያሳየው የሥርጭት ካርታ ጨርሶ እናውጣቸው?