ለመጪው የራግቢ ወቅት ለክለቡ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ የዕቅድ ውይይት

ከሰብሳቢው

የተከበራችሁ የወላጆች ማኅበራችን አባላት፣ ልጆቻችን የሚጫወቱበት ክለብ በእንግሊዝ ራግቢ ስምንተኛው እርከን በሆነው ካውንቲስ 2 ውስጥ ያለፈውን ወቅት ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆኖ ጨርሷል። ሦስት ጨዋታዎችንም ተጫዋች ስላልተሟላለት ብቻ ሜዳ ሳይገባ ለተጋጣሚ አስረክቧል። የክለቡ ኮሚቴ አዲሱ ወቅት ሳይጀመር ሐሳባችንን በአንድ ገጽ እንድናቀርብ ጠይቆናል። እኔ ያዘጋጀሁት ረቂቅ አዲስ ማልያ፣ ለሩቅ ጨዋታዎች የአውቶቡስ ኪራይና አንድ ተጨማሪ አሠልጣኝ እንዲመደብ ይጠይቃል። የሚታረም ካለ ሳትሸሽጉ ጻፉልኝ።

ከአንድ ተጫዋች አባት

ጋሼ፣ ረቂቁን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ሆኖም የማልያው ጥያቄ ከደብዳቤው እንዲወጣ እለምንዎታለሁ። ሦስቱን ጨዋታዎች ያሳጣን ልብስ አይደለም፣ የፊት ረድፍ ተጫዋች ማጣት ነው። በስክረም ስምንቱ ከስምንቱ ጋር ሲገፋፉ የግፊያው ክብደት የሚያርፈው በፊት ባሉት ሦስቱ፣ ማለትም በሁለቱ ፕሮፖችና በመካከላቸው ባለው ሁከር አንገትና ትከሻ ላይ ስለሆነ፣ ለቦታው ያልሠለጠነን ልጅ እዚያ ማቆም ሕጉም አይፈቅድም፣ የወላጅ ልብም አይችለውም። የዓለም ራግቢ ሕግ እንደሚለው 15 ተጫዋች ብቻ ይዞ የሚመጣ ቡድን 3፣ ከ16 እስከ 18 የያዘ 4፣ ከ19 እስከ 22 የያዘ 5፣ 23 የያዘ ደግሞ 6 የፊት ረድፍ ተጫዋች ሊኖረው ይገባል። እኛ ግን ዓመቱን ሙሉ የቆየነው በአራት ልጆች ነው።

በኅዳር ወር በአንድ ዝናባማ ቅዳሜ የሆነውን ላስታውሳችሁ። መኪናዎቹ ሞተራቸው ተነሥቶ በክለቡ በር ላይ ቆመው ነበር። አንደኛው ፕሮፕ ትከሻው ወልቆ እቤቱ ተኝቷል፤ ሁለተኛው የሥራ ፈረቃው ድንገት እንደተቀየረበት ደውሎ ተናገረ። አምበሉ የተጫዋቾቹን ስም የጻፈበትን ወረቀት በጣቱ እየተከተለ ሁለት ጊዜ ቆጠረ፤ በሁለቱም ጊዜ 13 ሆኑበት። ከዚያም ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ለተጋጣሚው ክለብ ሊደውል ወደ ውስጥ ገባ። ጫማቸውን አስረው የተቀመጡት ልጆች ማሰሪያውን መልሰው ሲፈቱ ማየት ከየትኛውም ሽንፈት ይልቅ አንጀት ይበላል።

በዚህ ሊግ ያሸነፈ 4፣ አቻ የወጣ 2 ነጥብ ያገኛል፤ አራት ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚው የግብ መስመር አልፎ መሬት ማስነካት) ላስቆጠረ አንድ፣ በ7 ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት ለተሸነፈም አንድ ነጥብ ይጨመራል። እንግዲህ ታግሎ የተሸነፈ ቡድን እንኳ ሁለት ነጥብ ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ ያልሄደ ቡድን ግን ነጥቡን ለባላጋራው አስረክቦ ይቀራል። ስለዚህ የደብዳቤው ዋና ጥያቄ አንድ ይሁን፤ ክለቡ ከሐምሌ ጀምሮ ቢያንስ አራት ተጨማሪ ልጆችን ለፊት ረድፍ ያሠልጥንልን። ረቂቁ የጠየቀው ተጨማሪ አሠልጣኝም ለዚሁ ሥራ ቢመደብ እደግፋለሁ።

ከገንዘብ ያዧ

በወንድማችን ሐሳብ እስማማለሁ፤ የአውቶቡስ ኪራዩም ይቅር። በ2022 ሊጎቹ እንደገና ሲዋቀሩ ጉዞና ድካም እንዲቀንስ ተብሎ በየምድቡ 12 ቡድን እንዲሆን ስለታሰበ፣ ወቅቱ 22 ጨዋታ ነው፤ ከቤት ውጭ የምንጫወተው 11 ብቻ ነው ማለት ነው። ለእነዚህ ከወላጆች መካከል ተራ የሚገቡ አራት መኪናዎች ይበቃሉ። ነዳጁን ከመዋጮው እንሸፍናለን። ይህንን ከክለቡ ከመጠየቅ ይልቅ እኛው እንደምናደርገው ብንገልጽ ደብዳቤው ክብደት ያገኛል።

ከአንዲት ነርስ እናት

ስለ ተጫዋች እጥረት ሲነገር የጭንቅላት ጉዳት መረሳት የለበትም። የብሪታንያ መንግሥት በኤፕሪል 2023 ለአማተር ስፖርት ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ የመናወጥ ምልክት የታየበት ተጫዋች ወዲያውኑ ከሜዳ ይወጣል፤ ወደ ውድድርም ከ21 ቀን በፊት አይመለስም። አንድ ግጭት በትንሹ ሁለት ቅዳሜዎችን ይወስድብናል ማለት ነው። ከ2023/24 ወቅት ጀምሮ ኳስ የያዘን ተጫዋች ለመጣል ከደረት አጥንት ታችኛ ጫፍ በላይ መያዝ በማኅበረሰብ ደረጃ ራግቢ የተከለከለውም ይህንኑ ጉዳት ለመቀነስ ነው። ሕጉ ቢወጣም የልጆቻችን አካል ገና አልለመደውም፤ በድካም ሰዓት፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሃያ ደቂቃዎች፣ ቀና ብለው ሲገቡ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ለፊት ረድፍ ከሚሰጠው ሥልጠና ጎን ለጎን ዝቅ ብሎ የመያዝ ልምምድ በነሐሴ እንዲሰጥ በደብዳቤው ይካተት። እኔና አንድ ሌላ ወላጅ በየጨዋታው በተራ በመጀመሪያ እርዳታ ለመቆም ፈቃደኞች ነን። የተመታ ልጅ «ደህና ነኝ» ስላለ ብቻ ተመልሶ እንዲገባ ማንም አሠልጣኝ እንዳይፈቅድም በጽሑፍ ቃል ይግቡልን። በዚህ ነጥብ ላይ አልደራደርም።

ከአንድ ወጣት ተጫዋች

የተከበራችሁ ወላጆቼ፣ እኔ ፕሮፕ ነኝ፤ ስለ አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ከጨዋታ በኋላ ሁለቱም ቡድኖች በክለቡ አዳራሽ አብረው መመገባቸው የራግቢ የቆየ ወግ ነው። የወቅቱ ማብቂያ ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል፤ ማዕዱ ደግሞ ሥጋና አይብ ይሆናል። ባለፈው ዓመት እኔና ጓደኛዬ ድንች ብቻ አንስተን ጥግ ተቀመጥን፤ ሁለት ሳምንት ቆይተን ደግሞ ሳንበላ ወደ ቤት መሄድ ጀመርን። ከተጋጣሚያችን ፕሮፕ ጋር ተቀምጦ ስለ ስክረሙ ማውራት ግን ከጨዋታው አንዱ ክፍል ነው። አንድ የጾም ምግብ ቢኖር በቂ ነው።

ከገንዘብ ያዧ

ልጄ፣ ይህ ለክለቡ ወጪ ሊሆን አይገባም። በሁዳዴ በሜዳችን የምንጫወትባቸው ቅዳሜዎች ጥቂት ስለሆኑ ምስር ወጡንና አልጫውን እናቶች እናቀርባለን፤ እንግዶቹም ይቅመሱልን። ከክለቡ የምንጠይቀው የኩሽናውን ቁልፍ ብቻ ይሁን።

ከሰብሳቢው

ማልያውንና ኪራዩን አውጥቻለሁ፤ ወንድማችን ትክክል ነው፣ እኔ ከውጤቱ ሰንጠረዥ ይልቅ ከገጽታው ጀምሬ ነበር። የተሻሻለው ጽሑፍ እንዲህ ይነበባል፦

«ማኅበራችን በመጪው ወቅት ቡድኑ አንድም ጨዋታ ተጫዋች አጥቶ እንዳይተው የበኩሉን ለመወጣት ወስኗል። ለ11ዱ የውጭ ጨዋታዎች መኪናና ነዳጅ፣ በሁሉም ጨዋታዎች ላይ በመጀመሪያ እርዳታ የሚቆም አንድ ሰው፣ በጾም ወቅት በሜዳችን ለሚደረጉ ጨዋታዎችም ምግብ እናቀርባለን። ክለቡ በበኩሉ አንድ አሠልጣኝ መድቦ ከሐምሌ ጀምሮ ቢያንስ አራት ተጨማሪ ተጫዋቾችን ለፊት ረድፍ እንዲያሠለጥን፣ በነሐሴ ዝቅ ብሎ የመያዝ ልምምድ እንዲሰጥ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ የመናወጥ ምልክት የታየበት ተጫዋች 21 ቀን ሳይሞላው እንዳይሰለፍ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልን፣ ለምግቡም ዝግጅት ኩሽናውን እንዲፈቅድልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

እስከ እሑድ ማታ ተቃውሞ ካልቀረበ ሰኞ ጠዋት ለክለቡ ጸሐፊ በእጄ አደርሳለሁ። መኪና የምትሰጡ አራት ቤተሰቦች ከዚያ በፊት ለገንዘብ ያዧ አሳውቁ፤ እስካሁን የተመዘገብነው ሦስት ነን።

ከአንድ ተጫዋች አባት

አራተኛው እኔ ነኝ።