የሲልቨርተን ሕዝብ ለምን ተበተነ?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ስለ ገጠር ከተሞች ሳስተምር፣ በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ የምትገኘውን ሲልቨርተንን በምሳሌነት ልጠቅስ አስቤአለሁና፣ ነዋሪዎቿ ለምን እንደ ተበተኑ ብታስረዱኝ።

መልስ (ከቢቸና)፦ መምህር፣ ነገሩ የማዕድን ነው። በ1880ዎቹ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የብር ማዕድን ያሰባሰባት ሲልቨርተን እስከ 3000 የሚደርስ ሕዝብ ነበራት፤ ይሁን እንጂ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ብሮክን ሂል በ1883 እጅግ የላቀ ክምችት በመገኘቱ፣ ብዙው ሰው የእንጨትና የቆርቆሮ ቤቱን ሳይቀር ነቅሎ በጋሪ እየጫነ ወደዚያ ሄደ። የቀሩት ጥቂት የድንጋይ ሕንፃዎችና በጣት የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ናቸው።

መልስ (ከደጀን)፦ በእኛ በጎጃም ገበያው ቢዛወር እንኳ ርስቱና ደብሩ ሰውን ይይዙታል፤ እዚያ ግን ከማዕድኑ በቀር የሚይዝ አልነበረም። ባቡሩም አላዳናት፤ በ1888 የተከፈተው ሐዲድ በመንደሯ ቢያልፍም፣ በዋናነት የሚያጓጉዘው የብሮክን ሂልን ማዕድን ነበር።