ሰኔ ገባ፤ ኮትቻ አፈር ያለው ጓሮ ከምን ይጀመር?

የኮተቤዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጓሯችን ተዳፋት ነው፣ ወደ 150 ካሬ ይሆናል፣ አፈሩ ጥቁር ኮትቻ። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ ጫማ ይዞ ያስቀራል። በፐርማካልቸር መንገድ ልሠራው አስቤያለሁ፤ በየዓመቱ ሳልገለብጠው፣ መድኃኒት ሳልረጭ፣ ዛፉም አትክልቱም ቅመሙም አንድ ላይ እንዲሆን። የማያቸው ቪዲዮዎች ሁሉ ቦይ ቆፍራችሁ ውሃውን ያዙ፣ መሬቱን በሳር ሸፍኑ ነው የሚሉት። ዝናቡ ጀምሯል፣ የአቮካዶ፣ የኮክና የጌሾ ችግኝ ገዝቼ በር ላይ ደርድሬያለሁ። የቱን ላስቀድም? ከታች በኩል የጎረቤት የድንጋይ አጥር አለ፣ እሱም ያሳስበኛል።

ውሃ ልክ፦
እህቴ፣ ችግኙን ለጊዜው ተይውና ውሃው በየት በየት እንደሚሄድ እዪ። ዶፉ ሲወርድ ጃንጥላ ይዘሽ ውጪ፣ የጣሪያው ውሃ የት እንደሚያርፍና የት እንደሚተኛ አይተሽ እንጨት ትከዪበት። እነዚያ ቪዲዮዎች አብዛኞቹ ውሃ ለሚያጥረው አገር የተሠሩ ናቸው። እኛ ጋ ሐምሌና ነሐሴ ውሃው ይተርፋል፤ ኮትቻ አንዴ ከጠገበ አያሰርግም፣ ስለዚህ ውሃ ለማቆር የተቆፈረ ቦይ ሞልቶ በደካማው በኩል ይሰብርና የሰውን አጥር ይዞ ይሄዳል። ገመድ ወጥረሽ በውሃ ልክ እየለካሽ ቦዩን ትንሽ አዘንብዪው፣ በ10 ሜትር 10 ሳንቲም ዝቅ ካለ ይበቃል፣ መውጫውንም ወደ መንገዱ ቦይ ስጪው። የወጣውን አፈር እዚያው ከፍ አድርገሽ ደልድዪው፣ እሱ መደብሽ ነው። የሰሜን ሸዋ እነዋሪ ገበሬ እኮ ኮትቻውን ሰፊ መደብና ቦይ በእጁ እያወጣ ነው የሚያለማው፤ እሱን ማየት ይበልጣል። ሳሩን ደግሞ አሁን አታልብሺው፣ ቀንድ አውጣ ነው የምታረቢበት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ብትጎዘጉዢው ግን እርጥበቱን ለበጋ ይይዝልሻል።

የጓሮ እናት፦
ልጄ፣ ስለ ውሃው የተባለው ልክ ነው፣ እኔ ስለ ተክሉ ልንገርሽ። አቮካዶ እግሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ሥሩ ይበሰብሳል፣ ጉድጓድ ውስጥ አትቅበሪው፣ ጉብታ ሠርተሽ እላዩ ላይ ትከዪው። ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አውልቂ፣ ሰው ቀዶት ብቻ ሲተክል ሳይ አንጀቴ ነው የሚቃጠለው፤ ሥሩ ከታች ተጠምዝዞ ካገኘሽው የተጠመዘዘውን ቁረጪ። ድንች፣ ነጭ ሽንኩርትና ጎመን መደቡ ላይ በሰኔ ይገባሉ። ቲማቲም ይቅርብሽ፣ በክረምት ቅጠሉን የሚያጠቁረው በሽታ ምንም አያስተርፍልሽም። ጤና አዳምና ጦስኝ ከሁሉ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ይሁኑ፣ ዱባ ኮምፖስቱ ጥግ ጣል አድርጊ። አፈር እንዲያዳብርልሽ ዛፍ ከፈለግሽ ትሪሉሰርን ውሃ በሚተኛበት አይሆንም፣ ሰስባንያ ግን ይችለዋል። ከአጥሩ በላይ ያለውን ጠርዝ በዴሾ ሳር ያዢው፤ ከጎረቤት ከነሥሩ ጠይቀሽ እየገነጠልሽ ከተከልሽው ቶሎ ይይዛል።

ሰበታ፦
በሳሩ ነገር አልስማማም። ባዶ አፈር ላይ ያ ሁሉ ዶፍ ሲወርድ ላዩ ይደበደባል፣ ዝናቡ ሲያባራ እንደ ልስን ይደርቃል፣ ጥሩው አፈር ደግሞ በቦዩ ታጥቦ ይሄዳል። ቀንድ አውጣው እውነት ነው፣ ግን መሬቱን ራቁቱን ከመተው ባቄላ ጥቅጥቅ አድርጋ ብትዘራበት ቅጠሉ ዝናቡን ይቀበልላታል፣ ሥሩም አፈሩን ይመግባል። ሲደርስ ግንዱን ቆርጣ ሥሩን እዚያው ትተወው። ሳር ካስቀመጠችም ከተክሉ ግንድ አንድ ስንዝር ይራቅ።

ውሃ ልክ፦
ባቄላው ይሻላል፣ ተስማምቻለሁ። ብቻ መደቡ ላይ ይዘራ፣ ቦዩ ውስጥ እንዳይገባ።

የኮተቤዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ቅዳሜ በገመዱ እጀምራለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ ችግኞቹ ቦዩ እስኪያልቅ በፕላስቲኩ ውስጥ ይቆያሉ?

የጓሮ እናት፦
ምንም አይሆኑም። ጥላ ስር አድርጊያቸው፣ ዝናቡ ከጠፋ ውሃ አጠጪ፣ በየጊዜው ከፍ እያደረግሽ አንቀሳቅሻቸው፣ ሥራቸው መሬት እንዳይዝ። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ለዛፍ ጥሩ ጊዜ ነው። ጌሾውን ግን ለብቻው ጥግ ፈልጊለት፣ ሲያድግ ይሰፋል።