የባንዱንግ አውሮፕላን ፋብሪካ በጀት መቋረጥ ነበረበት?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ ኢንዶኔዥያ በ1998 በባንዱንግ ከተማ ለሚገኘው የመንግሥት አውሮፕላን ፋብሪካ ትሰጥ የነበረውን ገንዘብ ማቋረጧ ተገቢ ነበር? (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛ ተከራካሪ፦ ተገቢ አልነበረም። በ1976 የተቋቋመውና ጀርመን አገር በአውሮፕላን ሥራ ልምድ ባካበቱት በኢንጂነር ሃቢቢ የተመራው ይህ ፋብሪካ፣ ከስፔኑ ካሳ ኩባንያ ጋር ሆኖ ወታደርም መንገደኛም የሚያጓጉዘውን ሲኤን-235 ነድፎ በ1983 አብርሯል። በኦገስት 1995 ደግሞ አገሪቱ በራሷ የነደፈችው ባለ50 መቀመጫው ኤን-250 ተነሣ፤ የአብራሪው ትእዛዝ ወደ አውሮፕላኑ መሪዎች የሚተላለፈው በኤሌክትሪክ ምልክት ነበር። በጃንዋሪ 1998 ግን ፕሬዚዳንት ሱሃርቶ አጎንብሰው ሲፈርሙ፣ የዓለም የገንዘብ ድርጅት ኃላፊው ሚሼል ካምዴሱ እጃቸውን አጣምረው በአጠገባቸው ቆመው በፎቶግራፍ በሚታዩበት የብድር ስምምነት ድጋፉ ተቋረጠ። የሃያ ዓመት ልፋት በብድር ውል ተላልፎ መሰጠት አልነበረበትም።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ ያ ፎቶግራፍ እኔንም ያንገበግበኛል፤ ሆኖም ቁጭታችን ሒሳቡን እንዳያስረሳን እሰጋለሁ። በ1994 ለፋብሪካው የተሰጠው 400 ቢሊዮን ሩፒያ የተወሰደው የተመነጠረን ደን መልሶ ለማልማት ከተጠራቀመ ገንዘብ ነው። ከታይላንድ ጋር አውሮፕላን በሩዝ ለመለወጥ የተስማማ ድርጅትም በገበያ ላይ በእግሩ ቆሟል ለማለት ያስቸግራል። እስቲ ብራዚልን ይመልከቱ። ኢምብራየርም በ1969 በወታደራዊው አገዛዝ ዘመን የተመሠረተ የመንግሥት አውሮፕላን ኩባንያ ነበር፤ ይሁን እንጂ የመጀመሪያ አውሮፕላኑ ባንዴይራንቴ ቀላልና ጠንካራ ስለነበር የአሜሪካ አነስተኛ አየር መንገዶች ሳይቀሩ ገዙት። እሱም ቢሆን በዕዳ ተዘፍቆ በዲሴምበር 1994 ለግል ባለሀብቶች ተሽጧል፤ መንግሥት በዋና ዋና ጉዳዮች ላይ ውሳኔ የመሻር መብት የሚሰጥ ልዩ አክሲዮን ብቻ አስቀረ። እንግዲህ የባንዱንግ ጥፋት የመንግሥት ንብረት መሆኑ ሳይሆን፣ ማን እንደሚገዛ ሳይታወቅ የሕዝብ ገንዘብ መፍሰሱ ነው።

አንደኛ ተከራካሪ፦ ስለ ደኑ ገንዘብ የተናገሩትን እቀበላለሁ፤ ያ ስሕተት ነበር። የብራዚል ምሳሌዎ ግን ለእኔ ይመሰክራል፤ ምክንያቱም ብራዚል ኩባንያውን የሸጠችው ኢአርጄ-145 የተባለው ባለ50 መቀመጫ ጄት ገና እየተሠራ ሳለ ነው፤ ጄቱም ተጠናቅቆ ኩባንያውን አዳነው። ባንዱንግ ያን ዕድል አላገኘም። በ2003 ከ6,000 በላይ ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ አውሮፕላን መንደፍ የለመደ እጅ አንዴ ከተበተነ ደግሞ ገንዘብ ሲገኝ ተመልሶ አይሰበሰብም። ሲኤን-235ን ሴኔጋልን የመሰሉ አገሮች ከዚያ ወዲህም ገዝተውታል። ኤን-250 ግን የብቃት ማረጋገጫውን ሳያገኝ ለዓመታት ቆሞ፣ በ2020 ዮግያካርታ ወደሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ተወሰደ።