«ግዴታ» እና «ማስገደድ» አንድ ናቸው ወይ?

ጠያቂ፦ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ጅማ
ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻና ውል እየጻፍኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ባለፈው ሐሙስ፣ ገበያው ደርቶ ሳለ፣ አንዲት እናት ለወንድማቸው ልጅ ዋስ ሊሆኑ መጡ። ልጁ ለቡና መግዣ 40,000 ብር ተበድሯል። የጻፍኩትን ሳነብላቸው «ባይከፍል ልከፍል ግዴታ ገብቻለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ ጫኑና «ማን አስገደደኝ ልጄ? ወድጄ ነው የመጣሁት፤ ይህን ቃል አውጣልኝ» አሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የጻፍኩት ቃል ነው፤ የምመልሰው ግን አጣሁ። ሰኞ ይመለሳሉ። እስከዚያ የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ 1፦ የአማርኛ መምህር
ወንድሜ፣ እናታችን በትክክል ሰምተዋል። ሥሩ «ገደደ» ነው፤ አስገደደ፣ ተገደደ፣ ግዳጅ፣ ግዴታ ሁሉም የዚያ ልጆች ናቸው። ነገር ግን «ግድ» የሚለውን ወንድማቸውን አትርሳ። «መሄዱ ግድ ሆነብኝ» ስንል መገደድ ነው። «ለልጆቹ ግድ የለውም» ስንል ግን አስገዳጅ የለም፤ አያስብላቸውም ማለታችን ነው። «ምን ገደደኝ» የሚል ሰው ዋስ አይሆንም። እሳቸው የልጁ ነገር ገዷቸው ነው የመጡት፤ ይህም እዚያው ቃል ውስጥ አለ።
ግሡንም ልብ በል። ከላይ የመጣብንን ግዴታ «ተጣለብን» እንላለን። በፈቃዳችን የያዝነውን ግን እንደ ቃልና እንደ ውል «እንገባዋለን»፤ ስንፈጽመውም «ተወጣነው» እንላለን። አንተ የጻፍከው «ገብቻለሁ» ነው፤ ገቢው ደግሞ በገዛ እግሩ ነው የሚገባው። እኔ ብሆን ቃሉን አላወጣም፣ አስረዳቸዋለሁ።

መልስ 2፦ የጅማ ሂርማታ ሰፈር ልጅ
አያቴ ግዴታን በኦሮምኛ «ድርቀማ» ይሉ ነበር፤ እሱም «ድርቂ»፣ ግድ ከሚለው ጋር ዘመድ ነው። የሃይማኖቱን ግን «ዋጂብ» ይሉታል። የዐረብኛው ሥር ወደቀ ማለት ነው፤ በቁርአን ምዕራፍ 22፣ አንቀጽ 36 የታረዱት ግመሎች ጎናቸው መሬት ሲወድቅ የተነገረው በዚሁ ግሥ ነው። አማርኛውም «ኃላፊነቱ እኔ ላይ ወደቀ» ይላል። አያቴ ሌሊት ተነሥተው ውዱእ፣ የሶላት ትጥበት፣ ሲያደርጉ ግን ማንም የገፋቸው አይመስሉም ነበር።

መልስ 3፦ የሕግ ባለሙያ
በአጭሩ፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1675 ውልን ግዴታ የሚያቋቁም ስምምነት ያደርገዋል። ፈቃድ በኃይል የተገኘ እንደሆነ በቁጥር 1706 መሠረት ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ «ወድጄ ነው» ማለታቸው ለሰነዱ ጥንካሬ ነው፤ ይጻፍላቸው። ይልቅስ የዋስትናው ጣሪያ ገንዘብ መጻፉን አረጋግጥ። በቁጥር 1922 መሠረት እሱ ከሌለ ዋስትናው ዋጋ የለውም።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ጣሪያውን አልጻፍኩትም ነበር፤ ደነገጥኩ። ዛሬ እንዲህ አድርጌ አነበብኩላቸው፦ «ማንም ሳያስገድደኝ፣ በገዛ ፈቃዴ፣ ከ40,000 ብር ለማይበልጥ ዕዳ ግዴታ ገብቻለሁ»። ስለ «ግድ» የተባለውንም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «አዎ፣ ገዶኝ ነው። አባቱ ሲሞት እኔ ነኝ ያሳደግኩት» አሉ። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫን አድርገው፣ ከስማቸው አጠገብ አሳረፉት።