የፒቮቱ ዋና ዳታ ጠፍቷል፤ ማስመለስ ይቻላል?

የጣና ዳሯ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር፣ በአንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሒሳብ እሠራለሁ። የየቀኑን ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ በኪሎና በብር ኤክሴል ላይ እንመዘግባለን። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ «ፋይሉ ከበደኝ» ብሎ መዝገቡ ያለበትን ሺት አጥፍቶታል። የቀረው ፒቮት ቴብሉ፣ ማለትም መዝገቡን ደምሮ የሚያሳየው ማጠቃለያ ሠንጠረዥ ነው። መዝገቡን እንደገና እንዲያነብ ሪፍሬሽ ስለው ስህተት ይለኛል። ሰኞ ኦዲተር ይመጣል፤ የሚፈልገው ደግሞ ድምሩን ሳይሆን የየቀኑን ዝርዝር ነው። እባካችሁ!

ዘጌ ማዶ፦
አይዞሽ። ኤክሴል ፒቮት ሲሠራ የመዝገቡን ግልባጭ ፋይሉ ውስጥ ይሸጉጣል፤ ካሽ የሚሉት ነው። መጀመሪያ ፋይሉን ኮፒ አድርጊና በኮፒው ሥሪ። ፊልተርና ስላይሰር (የማጣሪያ ቁልፎች) ካለ አጽጂ። ከዚያ ከታች በስተቀኝ ጥግ ያለችውን የግራንድ ቶታል ቁጥር ደብል ክሊክ። አዲስ ሺት ተከፍቶ መዝገቡ ረድፍ በረድፍ ይዘረገፋል፤ ፒቮቱ ላይ የማይታዩት ዓምዶች ሳይቀሩ። ሪፍሬሽን ግን ከእንግዲህ እንዳትነኪ! ሺቱ ኖሮ ረድፎቹ ብቻ ተሰርዘው ቢሆን ኖሮ ካሹንም ባዶ ያደርግብሽ ነበር።

የጣና ዳሯ፦
አደረግኩት። የመጣው ግን የአምባዛ ብቻ ነው።

ዘጌ ማዶ፦
የአምባዛን ድምር ነክተሽ ይሆናላ። በቃ ሁሉንም ፊልድ (የዓምድ ስም) ከፒቮቱ አውጪና «ቫልዩስ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ኪሎን ብቻ ተይ። አንዲት ሴል ትቀራለች። እሷን ደብል ክሊክ።

ሌላ አባል፦
እሱም እምቢ ካለ ፒቮት ቴብል ኦፕሽንስ ገብተሽ ዳታ የሚለውን እይ። «ኢኔብል ሾው ዲቴይልስ» ላይ ምልክት ይኑር። «ሴቭ ሶርስ ዳታ ዊዝ ፋይል» ላይ ምልክቱ ጠፍቶ ሴቭ ተደርጎ ከነበረ ግን ፋይሉ ውስጥ ግልባጭ የለም፤ የድሮ ኮፒ ፍለጋ ውጪ።

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም፦
ልጄ፣ የሚወጣው ቁጥር ብቻ ነው፤ ፎርሙላው አይመለስም። ቀኑንም አትመኚው። ኮምፒውተሩ ወርን በሚያስቀድመው በአሜሪካ የቀን አጻጻፍ ከሆነ፣ ጳጉሜ 5 ቀን 2016ን 5/13/2016 ብሎ የጻፈ ሰው ኤክሴል ሜይ 13 አድርጎበታል። መስከረም 30 (30/1) ደግሞ 30ኛ ወር ስለሌለ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ከካርኒው ጋር አመሳክሪ።

የጣና ዳሯ፦
ወጣ! ሁሉም ወጣ! ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ የጳጉሜ ሽያጭ ሜይ ውስጥ ተኝቶ አገኘሁት። አሁን ካርኒ እየገለጥኩ ነው። ፒቮቱን ከአዲሱ ሺት ጋር እንዴት ላገናኘው?

ዘጌ ማዶ፦
ቀኑን አስተካክለሽ ስትጨርሺ ፒቮቱን ነክተሽ «ቼንጅ ዳታ ሶርስ» በይና አዲሱን ሺት ምረጪለት። ያኔ ሪፍሬሽ ትችያለሽ።