የበረዶ ናዳ የአደጋ ደረጃ 3 ሲባል ያን ያህል አያሰጋም ማለት ነው?

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦
ጤና ይስጥልኝ። ኦስትሪያ፣ ኢንስብሩክ የሚማረው ታናሽ ወንድሜ በመጪው ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ለስኪ (ለበረዶ ሸርተቴ) ከተከለለው ሥፍራ ውጭ ወዳለ ተራራ ሊወጣ አስቧል። የላከልኝ ማስጠንቀቂያ የናዳውን አደጋ ከ5 ደረጃዎች 3ኛው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከ2,200 ሜትር በላይ ወደ ሰሜን የዞሩ ተዳፋቶችንም ለይቶ ይጠቅሳል። እሱ «መሐል ላይ ነው፣ አታስቢ» ይለኛል። እኔ ጣና ዳር ያደግሁ፣ በረዶ ሲባል በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበውን ብቻ የማውቅ ሰው ነኝና ምን ብዬ ልመልስለት?

መልስ (ከኢንስብሩክ)፦
እህቴ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። አደጋው ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚጨምረው በእኩል መጠን ስላልሆነ፣ 3ን እንደ ግማሽ መቁጠር ያሳስታል። እንዲያውም በአልፕስ ተራሮች ብዙ ሰው የሚሞተው በዚህ ደረጃ ነው፤ 4 እና 5 ሲታወጅ አብዛኛው ሰው ወደ ተራራ አይወጣም፣ በ3 ግን ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ስትወጣ ሁሉም ይዘናጋል። ነፋስ አምጥቶ የጠቀጠቀው በረዶ እንደ ስኳር በላላ ንብርብር ላይ ሲያርፍ፣ የአንድ ሰው ክብደት ብቻ ተዳፋቱን በሙሉ ሊያስለቅቀው ይችላል። አብዛኞቹ ተጎጂዎች ናዳውን የቀሰቀሱት ራሳቸው ወይም አብረዋቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ብሆን የቅዳሜውን ጉዞ እተወው ነበር።

ጠያቂዋ፦
አመሰግናለሁ። ስልክ ስለሚይዙ የነፍስ አድን ሠራተኞች አይደርሱላቸውም?

መልስ (ቀድሞ ስዊዘርላንድ የኖረ፣ አሁን ባሕር ዳር)፦
የኦስትሪያ የተራራ ነፍስ አድን ቁጥር 140 ነው፤ ሆኖም በረዶ የተጫነው ሰው በሕይወት የመገኘት ዕድሉ ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በኋላ በፍጥነት ስለሚያሽቆለቁል፣ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ የሚያወጣው ጓደኛው ነው። ለዚህም እያንዳንዳቸው የሬዲዮ ምልክት የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ፣ በረዶ መውጊያ ረጅም ዘንግና አካፋ ሊይዙ ይገባል፤ ባንዱ ጀርባ ላይ ብቻ ያለ አካፋ ባለቤቱ ራሱ ከተቀበረ ለማንም አይጠቅምም።

ጉዞው ፈጽሞ ይቅር በሚለው ግን አልስማማም። እንዲህ ያለው ናዳ በብዛት የሚነሣው ቁልቁለቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ከሆነ ተዳፋት ስለሆነ፣ ቁልቁለቱ ከ30 ዲግሪ በታች የሆነውን መንገድ መምረጥ ይችላሉ፤ ይሁንና ከበላያቸው የተንጠለጠለ ቀጥ ያለ ተዳፋት እንዳይኖር መጠንቀቅ አለባቸው። ከእግራቸው ሥር የታፈነ የመደርመስ ድምፅ ከሰሙ ወይም በረዶው ፊት ለፊታቸው ከተሰነጠቀ፣ ሳይከራከሩ ይመለሱ። አሁኑኑ ደውለው መሣሪያውን ተጠቅሞ ሰው መፈለግ ከመካከላቸው ማን ማን እንደሠለጠነ ይጠይቁት፤ መልሱ «ማንም» ከሆነ እኔም ጉዞው ይቅር ካሉት የኢንስብሩኩ ወንድሜ ጋር ነኝ።